ለውሎ ገብ የእግር ጉዞ ሰንጢ ስትመርጡ ከስለቱ በፊት መታጠፊያውን እዩ

ሰንጢ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ስለቱን ይከፍታል። ብርሃን ላይ ያገላብጠዋል። በአውራ ጣቱ ዳበስ ያደርገዋል። «ይሄማ ይቆርጣል» ይልና ይከፍላል። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ግን ሰንጢ እጄ ሲገባ ስለቱን የማየው ቆይቼ ነው። የማስቀድመው መታጠፊያውን ነው።

ምክንያቱ ጠቋሚ ጣቴ ላይ አለ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሳለሁ የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጠሰ። በሲባጎ ለማሰር ጨርቁን መብሳት ነበረብኝ። የያዝኩት መቆለፊያ የሌለው ትንሽ ሰንጢ ነበር። ጫፉን ጨርቁ ላይ ተክዬ ስገፋ ስለቱ ወደ ኋላ ታጠፈና ጣቴ ላይ ተዘጋ። ቁስሉ ጥልቅ ነበር። የቀረውን የሁለት ሰዓት መንገድ እጄን ከፍ አድርጌ ይዤ ነው የጨረስኩት። ሰንጢው ግን ምንም አላጠፋም። የተሠራው ለመቁረጥ እንጂ ገፍቶ ለመብሳት አልነበረም። ስገዛው ይህን ማወቅ የምችለው መታጠፊያውን አይቼ ነበር፤ እሱን ደግሞ አላየሁትም።

በቀን ጉዞ ላይ ሰንጢ ከሚቆርጣቸው ነገሮች ሁሉ ከባዱ የራሳችሁ ጣት ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ቅደም ተከተል ከጣት ይጀምራል። ስለ ብረት ዓይነት ለማንበብ የጓጓችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ እሱም ይመጣል።

1. ባለፉት ጉዞዎች ምን እንደቆረጣችሁ ጻፉ

ወረቀት ያዙና ያለፉትን ሦስት አራት ጉዞዎች አስታውሱ። የቆረጣችሁትን ሁሉ አስፍሩ። ቢላ ጠፍቶ በጥርስ የበጠሳችሁትንም ጨምሩ።

የአብዛኛው ሰው ዝርዝር ይመሳሰላል። ዳቦ፣ አይብ፣ ፍራፍሬ። አልቀደድ ያለ ማሸጊያ። የሲባጎ ጫፍ። ፕላስተርና ፋሻ። ውሃ ለቋጠረ ተረከዝ የሚሆን ቁራጭ ጨርቅ። ከልብስ የተመዘዘ ክር። አልፎ አልፎ እሳት ለማያያዝ የሚላግ ጭራሮ።

ከእነዚህ ውስጥ የ12 ሴንቲ ሜትር ስለት የሚጠይቅ የለም። ውሎ ገብ ማለት ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት መግባት ነው። ግንድ አትፈልጡም። ጎጆ አትቀልሱም። ብዙ ሰው ግን ሰንጢ ሲገዛ የሚያስበው ጫካ ውስጥ ጠፍቶ ስለሚያድርበት ሌሊት ነው። ያ ሌሊት ቢመጣ እንኳ ይበልጥ የሚያስፈልጋችሁ ሙቅ ልብስ፣ ውሃ፣ የእጅ ባትሪና ወዴት እንደሄዳችሁ የሚያውቅ ሰው ነው። ሰንጢውን ለምሳችሁና ለፋሻችሁ ምረጡት።

2. ከመግዛታችሁ በፊት ሕጉን ጠይቁ

ይህን ወደ ኋላ የሚያስቀምጡት ብዙ ናቸው። እኔ ግን ከግዢ በፊት እንዲሆን እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ሕጉ ራሱ ምርጫችሁን ሊያጠበው ይችላል። በብሪታንያ ለምሳሌ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ የሚፈቀደው የማይቆለፍና ስል ጠርዙ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ የማይበልጥ ታጣፊ ሰንጢ ነው። በጀርመን ደግሞ በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፍ ሰንጢን ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መውጣት ክልክል ነው። የምትሄዱበት አገር ሕግ ርዝመቱን፣ መቆለፊያውን ወይም አከፋፈቱን ሊገድብ ይችላል። ሦስቱንም ጠይቁ። ወደ ጉዞው በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ሰንጢው በእጅ ሻንጣ አይገባም። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በደንብ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።

3. መታጠፊያውንና መቆለፊያውን ምረጡ

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ታጣፊ ሰንጢ ሁሉ ደካማ ጎኑ አንድ ነው፤ ስለቱና እጀታው የሚገናኙበት ቦታ። ሰንጢዎች የሚለያዩት ይህን ቦታ በምን እንደያዙት ነው።

በጣም የቆየውና ቀላሉ ዓይነት መቆለፊያ የለውም። በእጀታው ጀርባ ያለ ጠንካራ ሞላ የስለቱን ግርጌ ይጫነዋል። ስለቱ ክፍት የሚቆየው በሞላው ጉልበት ብቻ ነው። ወደ ታች ስትቆርጡ ምግቡ ስለቱን ወደ መከፈቻው በኩል ስለሚገፋው ችግር የለም። ችግሩ በጫፉ ስትወጉ ወይም ስለቱ የሆነ ነገር ውስጥ ተቀርቅሮ ስትጎትቱት ይመጣል። ያኔ ሞላው ይሸነፋል። ቢሆንም ይህን ዓይነት አልጠላም። ቀጭን ነው፣ ቀላል ነው፣ ሰውንም አያስደነግጥም። ሥራችሁ ዳቦና ፍራፍሬ ብቻ ከሆነ ይበቃል። በእሱ ግን ምንም ነገር አትብሱ።

ሁለተኛው ባለ ቀለበት ነው። የፈረንሳዩ ኦፒኔል በዚህ ይታወቃል። ጆሴፍ ኦፒኔል ሰንጢውን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1890 ሲሆን፣ የሚሽከረከረው የቀለበት መቆለፊያ የተጨመረው በ1955 ነው። ስለቱን ትከፍታላችሁ፣ ቀለበቱን በጣት ታዞራላችሁ፣ የቀለበቱ ክፍተት ከስለቱ ፊት ዞር ስለሚል ስለቱ መታጠፊያ ያጣል። ማየት ይቻላል፣ መረዳትም ቀላል ነው። ለጀማሪ የምመርጠው ይህን ነው። አንድ ጉድለት ግን አለው፤ ቀለበቱን ማዞር ከረሳችሁ አልተቆለፈም። እጃችሁ እስኪለምደው ድረስ «ከፈትኩ፣ አዞርኩ» እያላችሁ ተለማመዱ።

ሦስተኛው ባክ ሎክ፣ ማለትም የጀርባ መቆለፊያ የሚባለው ነው። በእጀታው ጀርባ ላይ ያለ ዘንግ የስለቱ ግርጌ ላይ ካለ ጥርስ ጋር ይገጥማል። ለመዝጋት የዘንጉን አንድ ጫፍ ትጫናላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ባክ የተባለው ኩባንያ (ስሙ ከመቆለፊያው ጋር የተገጣጠመው በአጋጣሚ ነው) 110 ብሎ የሠራው ሰንጢ ይህን አሠራር በሰፊው አስለምዶታል። ጠንካራ ነው። ለግራኝም ለቀኝም እኩል ነው። በአንድ እጅ መዝጋት ግን ልምድ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ ላይ በሁለት እጅ ዝጉት።

አራተኛው ላይነር ሎክ ነው። በእጀታው ውስጥ ያለ ስስ የብረት ቅጠል ስለቱ ሲከፈት ወደ ጎን ይለቀቅና የስለቱን ግርጌ ከኋላ ይደግፋል። ቅጠሉ የእጀታው አካል ራሱ ሲሆን ደግሞ ፍሬም ሎክ ይባላል። አሁን ከምታዩዋቸው ዘመናዊ ሰንጢዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። በአንድ እጅ ይከፈታል፣ በአንድ እጅ ይዘጋል። ይሁን እንጂ ስትዘጉት አውራ ጣታችሁ ቅጠሉን ለመግፋት ስለቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ይቆማል። እዚያ ላይ ጣታቸውን የቆረጡ ሰዎች አውቃለሁ። ትክክለኛው አዘጋግ ቅጠሉን ገፍቶ ስለቱን በጥቂቱ ማጠፍ፣ አውራ ጣትን ማውጣት፣ ከዚያ ቀሪውን ማጠፍ ነው። ግራኝ ከሆናችሁ ደግሞ የቅጠሉን አቅጣጫ ልብ በሉ። አብዛኛው የሚሠራው ለቀኝ እጅ ነው።

አምስተኛው ባለ ተሻጋሪ ዘንግ ነው። ትንሽ ዘንግ እጀታውን ከጎን ወደ ጎን አቋርጣ የስለቱ ግርጌ ላይ ትቀመጣለች። ወደ ኋላ ስትስቧት ስለቱ ይለቀቃል። ጣት ስለቱ መንገድ ላይ ጨርሶ አይገባም። ለሁለቱም እጅ ይሆናል። በጀቱ ካላችሁና ሕጉ ከፈቀደ፣ ከምግብ ያለፈ ሥራ ለሚሠራ ሰው የእኔ ምርጫ ይሄኛው ወይም ባክ ሎክ ነው።

ዓይነቱን ከመረጣችሁ በኋላ ያንኑ ሰንጢ በእጃችሁ ፈትኑት። ሁለት ሞዴሎች በስም አንድ ዓይነት መቆለፊያ ይዘው በጥራት ሊራራቁ ይችላሉ። ሰንጢውን ክፈቱትና ስለቱን በጀርባው በኩል ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ጥቂት መነቃነቅ ብሎን በማጥበቅ ይስተካከላል። ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች ሞክሩት። መቆለፊያ ያለው ሰንጢ ወደ ላይና ወደ ታች የሚነቃነቅ ከሆነ መቆለፊያው በትክክል አልገጠመም፤ መልሱት። ከዚያ እጀታውን ከጎንና ከጎን ብቻ ያዙ፣ ስለቱ ቢታጠፍ የሚያገኘው ጣት አይኑር። የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛ ላይ አሳርፋችሁ ቀስ እያላችሁ ጫኑ። ሰንጢውን ጠረጴዛ ላይ እየደበደቡ የሚፈትኑ አሉ። እሱ ደህናውን መቆለፊያ ያበላሻል እንጂ ምንም አይነግራችሁም።

ለመቆለፊያው የምንጨነቀውን ያህል ስለ ተዘጋ ሰንጢ አንጨነቅም። ኪስ ውስጥ የሚከፈት ሰንጢ ግን ከማይቆለፈው ይብሳል። ዝጉትና አፉን፣ ማለትም ስለቱ የሚወጣበትን ክፍተት፣ ወደ ታች አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ስለቱ መውጣት ከጀመረ ተዉት። ተዘግቶ ሳለ ጫፉ ሙሉ በሙሉ ውስጥ መግባቱንም እዩ። በጣት አትፈትሹ፤ ሶፍት ወይም ጨርቅ በአፉ ላይ አሳልፉ። ጨርቁ ከተያዘ ጫፉ ወጥቷል ማለት ነው።

4. እጀታውን በእርጥብ እጅ ያዙት

ስለቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ እጀታው ግን አይሁን። አራቱም ጣቶች ሊያርፉበት ይገባል። ሦስት ጣት ብቻ የሚይዝ እጀታ ለክርና ለማሸጊያ ይበቃል። ጠንከር ያለ ነገር ስትቆርጡ ግን እጃችሁ ውስጥ ይዞራል።

ሱቁ ከፈቀደ እጃችሁን ትንሽ አርጥቡና ያዙት። ስለቱን ዝጉና እጀታውን ለአንድ ደቂቃ ጠበቅ አድርጋችሁ ጨብጡት። አንድ ነገር ከቆረቆራችሁ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የኪስ ማንጠልጠያው ነው። በቅዝቃዜ የምትሄዱ ከሆነ በጓንት ሞክሩት።

ስለ እጀታ ቁስ ብዙ ይባላል። ለእኔ ጥያቄው «ያዳልጣል ወይስ አያዳልጥም?» ብቻ ነው። የመስታወት ክር የተቀላቀለበት ናይሎን ቀላል ነው፣ ውሃ አይፈራም። ጂ10 የሚባለው ከመስታወት ጨርቅና ከኢፖክሲ ሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ነው። ሸካራ ስለሚሆን ይይዛል፤ የኪስን ጨርቅ ግን ይበላል። አሉሚኒየም ያምራል፣ በብርድ ግን ይቀዘቅዛል፣ ሲረጥብም ያዳልጣል። እንጨት እጅ ላይ ደስ ይላል። ሲረጥብ ግን ያብጣል፣ ባለ ቀለበቱ ሰንጢ ላይ ስለቱን አልከፈትም እስኪል ድረስ ሊያጣብቀው ይችላል። ሲደርቅ ይመለሳል።

ቀለሙንም አትናቁ። ጥቁርና አረንጓዴ ሣር ላይ ይጠፋሉ። ምሳ ከበላችሁበት ስትነሡ ብርቱካናማ፣ ቀይ ወይም ደማቅ ቢጫ ሰንጢ ራሱ ይጠራችኋል። ሌላ ቀለም ከሌለ በእጀታው ቀዳዳ ደማቅ ሲባጎ አስሩበት።

5. ስለቱ

ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ ያነሰ ዳቦ ሲቆርጥ ያስቸግራል። ከዚያ የረዘመ ደግሞ ክብደትና የሕግ ጣጣ ይጨምራል። ኦፒኔል ቁጥር 8 የሚባለው የ8.5 ሴንቲ ሜትር ስለት ይዞ ክብደቱ 45 ግራም ገደማ ነው። እንደ መለኪያ ያዙት። ሰንጢያችሁ ከ120 ግራም በላይ ከሆነ ሁለት ሦስት ጉዞ ትይዙታላችሁ፣ ከዚያ ቤት ይቀራል።

ከርዝመቱ ይልቅ ውፍረቱ ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። የስለቱን ጀርባ ከላይ እዩት። ወደ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፖም ሲቆርጥ ሰርስሮ ያልፋል። 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፖሙን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። ወፍራም ስለት ጠንካራ ስለሚመስል ይሸጣል። ታጣፊ ሰንጢ ግን በመታጠፊያው ልክ እንጂ በስለቱ ልክ አይጠነክርም። በእንጨት እየቀጠቀጣችሁ ግንድ ልትፈልጡበት ካሰባችሁ የሚላቀቀው መታጠፊያው ነው።

ቅርጹ ጀርባው ወደ ጫፉ ዝቅ እያለ የሚወርድ፣ ሆዱ በጥቂቱ የጎበጠ ይሁን። ለሁሉም ሥራ ይሆናል። ጫፉ ዱልዱም፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ስለትም ለልጆችና እየተንቀጠቀጠ መኪና ውስጥ ለሚበላ ሰው ጥሩ ነው። በጣም የሾለ ቀጭን ጫፍ እሾህ ለማውጣት ያጓጓል። ለዚያ ወረንጦ አለ።

መጋዝ የመሰለ ጥርስ ያለው ስለት ገመድ ላይ ጎበዝ ነው። ቤት ውስጥ በተራ ድንጋይ ለመሳል ግን አይመችም። ግማሹ ጥርስ፣ ግማሹ ለስላሳ የሆነው ደግሞ በዚህ ርዝመት ሁለቱንም ያሳንሳል። እኔ ለስላሳውን ነው የምለው።

አከፋፈቱን በቀዘቀዘ ጣት አስቡት። አንዳንዱ ሰንጢ የሚከፈተው ስለቱ ላይ ባለች የጥፍር መያዣ ጭረት ነው። ሞላው ጠንካራ ከሆነ ጥፍር ይሰብራል። ቀዳዳ ወይም ጉብ ያለ ነገር ያለው በአውራ ጣት ይከፈታል። ሌላኛው እጃችሁ የሆነ ነገር ሲይዝ ጥቅሙ ይገባችኋል።

6. ብረቱ፣ ባጭሩ

ምርጫው በመሠረቱ ሁለት ነው። የማይዝግ ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለው። ይህ ክሮሚየም ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ዝገትን ይከላከላል። «የማይዝግ» ይባል እንጂ እርጥብ ኪስ ውስጥ ለሳምንት ከተረሳ እሱም ነጠብጣብ ያወጣል። የካርቦን ብረት ክሮሚየሙ ትንሽ ነው ወይም የለውም። ቶሎ ይሳላል፣ ስለቱም ግሩም ነው። ሎሚና ቲማቲም ሲነካው ግን ይጠቁራል፣ ካልደረቀ ይዝጋል። ግራጫ ሰማያዊ ጥላ ቢይዝ አትደንግጡ፤ ዝገት አይደለም። ቀይ ቡናማው ነው ዝገቱ። 1095 የሚል ቁጥር ካያችሁ መጨረሻ ያሉት ሁለት አሃዞች ካርቦኑ 0.95 በመቶ ገደማ መሆኑን ይነግሯችኋል።

ለቀን ጉዞ 12ሲ27፣ 14ሲ28ኤን፣ 420ኤችሲ ወይም ተመሳሳይ የማይዝግ ብረት ከበቂ በላይ ነው። ጥንካሬው በሮክዌል መለኪያ ይነገራል። ከ55 እስከ 60 አካባቢ ያለው ይመቻል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ስለቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ ለመሳል ግን ያደክማል፣ የመሰበር ጠባዩም ይጨምራል። ብረቱ በእሳት እንዴት እንደተጠነከረ ከስሙ ይበልጣል። በደንብ የተሠራ ርካሽ ብረት በግዴለሽነት ከተሠራ ውድ ብረት ይሻላል። «የቀዶ ሕክምና ብረት» ወይም «ስቴይንለስ» ብቻ ተብሎ የብረቱ ስም ያልተጻፈበት ሰንጢ ስታዩ ጠርጥሩ። አምራቹ የሚኮራበት ብረት ቢሆን ስሙን ይጽፈው ነበር።

7. መቀስና ወረንጦ ይኑረው?

ዝርዝራችሁን ተመልከቱ። ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ክር፣ ጥፍር፣ እሾህ ከበዛበት፣ ከትልቅ ስለት ይልቅ ትንሽ መቀስና ወረንጦ ይጠቅሟችኋል። የስዊዝ ሰንጢ የሚባለው ለዚህ ነው ዕድሜው የረዘመው። ስዊዛዊው ቢላ ሠሪ ካርል ኤልስነር ወርክሾፑን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። በ1891 ለስዊዝ ጦር የወታደር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ፣ በ1897 ደግሞ ብዙ መሣሪያ የያዘውን የመኮንን ሰንጢ አስመዘገበ። የድርጅቱ ስም ቪክቶሪኖክስም የመጣው ከእናቱ ስም ከቪክቶሪያና «ኢኖክስ» ከሚለው የማይዝግ ብረት መጠሪያ ነው። ደስ የሚል ስም ነው።

ሲመርጡ ግን ልክ አለው። ስለት፣ መቀስ፣ ወረንጦ፣ ምናልባት ቆርቆሮ መክፈቻ። ካቻቢቴውም ለካሜራ መቆሚያ ብሎን ይጠቅማል። ከዚያ በላይ በተጨመረ ቁጥር ሰንጢው ይወፍራል፣ ለመያዝም ይከብዳል። አብዛኞቹ ትናንሾቹ ደግሞ የማይቆለፉ መሆናቸውን አትርሱ። ከላይ ስለ መብሳት ያልኩት ለእነሱም ነው።

8. ስትገዙ

ከተቻለ በእጃችሁ ሳትይዙት አትግዙ። በኢንተርኔት ከሆነ መመለስ ከሚቻልበት ግዙና በደረሰ ዕለት በ3ኛው ክፍል ያሉትን ፈተናዎች አድርጉ። ታዋቂ ሰንጢዎች በብዛት ተመሳስለው ይሠራሉ። ዋጋው ከሌላው ሁሉ በጣም የወረደ፣ ስለቱ ላይ ያለው ጽሑፍ የደበዘዘ ወይም የተንጋደደ፣ ሲዘጋ ስለቱ ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ እጀታውን የሚነካ ከሆነ ተጠንቀቁ። አስመስሎ የተሠራ ሰንጢ ላይ በመጀመሪያ የሚከዳው መቆለፊያው ሊሆን ይችላል።

9. የመጀመሪያው ምሽት ቤት ውስጥ

በሞቀ ውሃና ሳሙና የፋብሪካውን ዘይት እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ። መታጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጉ። ምግብ የምትቆርጡበት ስለሆነ ለምግብ ዕቃ የሚሆን ሽታ አልባ የማዕድን ዘይት ይሻላል። የምግብ ዘይት እየቆየ ይጣበቃል። ሃያ ሠላሳ ጊዜ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። ፍጥነት አያስፈልግም። ብሎኑ ከላላ በትክክለኛው መፍቻ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ። ብዙውን ጊዜ ኮከብ ቅርጽ ያለው ቲ6 ወይም ቲ8 ነው።

መሳልን አሁኑኑ ልመዱ። የደነዘ ሰንጢ ጉልበት ያስጠይቃል፣ በጉልበት የተገፋ ስለት ሲያመልጥ ደግሞ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። የሻካራነት ቁጥሩ በአንዱ ገጽ 400፣ በሌላው 1000 የሆነ ባለ ሁለት ገጽ መሳያ ድንጋይ ይበቃል። አንግሉን እንዲህ አግኙት። ስለቱን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ያ 90 ዲግሪ ነው። በግማሽ አዘንብሉት፣ 45 ይሆናል። እንደገና በግማሽ፣ 22 ገደማ። ከዚያ ትንሽ ዝቅ በሉ። በዚያ አንግል ያዙት። ጠርዙን በማርከር ቀለም ቀብታችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳሉ። ቀለሙ ጠርዙ ላይ ከለቀቀ አንግሉ ልክ ነው። ከጠርዙ ከፍ ብሎ ከለቀቀ በጣም አጋድማችሁታል።

በአንድ በኩል እየሳላችሁ ቆዩ፣ በሌላው በኩል ስስ ሻካራ ነገር በጣት ጎን እስኪታወቃችሁ ድረስ። ጣቱን ከስለቱ ጀርባ ወደ ጠርዙ ወደ ውጭ ሳቡት እንጂ በጠርዙ ርዝመት አታስኪዱት። ከዚያ ገልብጣችሁ ያንኑ አድርጉ። በመጨረሻ ጀርባውን አስቀድማችሁ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ በየጎኑ አሥር አሥር ጊዜ ጎትቱት። ስለቱን በወረቀት ሞክሩት። ወረቀቱን ሳይቀድ ከቆረጠው ደርሷል።

10. መንገድ ላይ

ሰንጢውን ሁልጊዜ አንድ ቦታ አስቀምጡ። እኔ ከፕላስተሩ ጋር የቦርሳዬ የላይኛው ኪስ ውስጥ ነው የማደርገው፤ አብረው ነው የሚፈለጉት። ስትወጡ ስትወርዱ ክፍቱን በእጃችሁ ይዛችሁ አትራመዱ።

ከመቁረጣችሁ በፊት እጃችሁን ዘርጉና ዙሪያውን እዩ። በክንድ ርቀት ውስጥ ሰው ካለ ጠብቁ። ተቀምጣችሁ ከሆነ ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ አትቁረጡ። በጭን ውስጠኛው በኩል ትልቅ የደም ሥር ያልፋል፣ እዚያ የደረሰ ቁስል መንገድ ላይ የሚቆም አይደለም። ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፉና ከእግራችሁ ወዲያ ቁረጡ። ዳቦውን መዳፋችሁ ላይ ሳይሆን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡት። ለሰው ስትሰጡ ዘግታችሁ ስጡ። ከልጅ ጋር ከሆናችሁ ልጁ እያያችሁ ይህን ሁሉ ቀስ ብላችሁ አድርጉ፤ የሚማረው ከእጃችሁ ነው።

ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ጠርጋችሁ ዝጉ። ሙጫና የፍራፍሬ ጭማቂ መታጠፊያው ውስጥ ከደረቀ ሰንጢው በጉልበት የሚከፈት ይሆናል፣ በጉልበት የሚከፈት ደግሞ ያመልጣል።

ማታ ቤት ስትገቡ ሰንጢውን ከቦርሳው አውጡ። ክፈቱት፣ መታጠፊያው ውስጥ የገባውን አቧራና ክር በጥርስ መፋቂያ እንጨት አውጡ። እጠቡት። ዘግታችሁ ሳይሆን ክፍት አድርጋችሁ ልጅ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርቁት። ጠዋት ብሎኑን ነካ አድርጉ፣ ስለቱን ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁ። ካልላላ ዝጉና ወደ ፕላስተሩ ኪስ መልሱት።